በቀኝ በኩል የነበረችው ቃል

ትናንት ስልኬ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ አለኝ። አንድ የማይረባ ቪዲዮ መርጬ ልሰርዝ ስል «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው በር ላይ፣ መንገደኛው እየገፈተረኝ፣ ጣቴን አየር ላይ አንጠልጥዬ ቀረሁ። አንተ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ሳታየው ታልፋለህ። እኔ አላልፈውም። ከዚህች ቃል ጋር ቂም አለኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ይጁቤ ከተማ ውስጥ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ተቀጥሬ ጣቃ እሸከም ነበር፤ የምበላውም የማድረውም እዚያው ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። አባቴ ከብቶቹን እንጂ ልጆቹን የሚቆጥር ሰው አልነበረም፤ ተማር ያለኝ የለም። ይህን ጉዴን በነጋዴው ቤት ማንም አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም የቤቱን ኮምፒውተር የምከፍተው እኔ ነበርኩ። መሳቅ ካማረህ ሳቅ።

ኮምፒውተሩ ሳሎኑ ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። ነጋዴው ሐጂ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር፤ የራሳቸውም ዓይን ደክሟል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ «አንተ ኢንጅነር፣ ና እስቲ ያችን ክፈትልኝ» ይሉኛል። «ያች» የትልቋ ልጃቸው ሰርግ ቪዲዮ ናት። መካከሉ ላይ ሚስታቸው ብቅ ይላሉ። ካሜራውን ሲያዩ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይስቁና «ኧረ ሂድ ወዲያ!» ይላሉ። ከሴትዮዋ የቀረ ድምፅ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂም የለው። ሐጂ እዚያ ላይ «አቁም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «መልሰው»።

እኔ ቦታ እንጂ ጽሑፍ አላውቅም ነበር። ቢጫው ሳጥን፣ ከላይ ሦስተኛው። ጥያቄ ሲመጣ ግራው እሺ፣ ቀኙ እምቢ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለነበር አለማንበቤ አያሳፍርም፤ ሐጂም አያነቡት፣ ጎረቤትም አያነበው።

ክረምት ላይ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሿ ልጃቸው ለእረፍት መጣች። ኮምፒውተሩ ያን ሰሞን በቫይረስ ተበክሎ ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ያቃስት ነበር። ነካክታው ስታበቃ «ይኼማ አልቆለታል» አለች። «ሊኑክስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም እጭንበታለሁ።»

«ስንት ያስወጣል?» አሉ ሐጂ።

«በነጻ ነው አባዬ። የሠሩት ሰዎች ለሁሉም ሰጥተውታል። የፈለገ ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ ያስተካክላል።»

«በነጻ የሚሠራ ሰው ምን በልቶ ያድራል? ሰርቀሽው እንዳይሆን! እኔ ልጅ አስተምራለሁ ስል አታላይ ነው እንዴ የማሳድገው?»

«ሰደቃ ነው ይበሉት።»

ሐጂ «እሺ ጫኚ» አሉ። ሰደቃ ከተባለ ምን ይመለሳል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ቤቱ ያልታጠበ አቡጀዲ፣ እርጥብ አፈርና የጋለ አቧራ ይሸታል፤ አቧራው ከኮምፒውተሩ ሆድ ነው የሚወጣው። ልጅቱ ያለውን ሁሉ ከጓደኛዋ በተዋሰችው ዲስክ ገለበጠች፣ አሮጌውን ጠረገች፣ አዲሱን ጫነች፣ ዕቃውን ወደ ቦታው መለሰች። ዲስኩንም ባዶ አድርጋ በማግስቱ ለባለቤቱ ላከች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እንካ ኢንጅነር! ላንተ ብዬ በአማርኛ አድርጌዋለሁ። ከእንግሊዝኛው ተገላገልክ!»

ሳቅሁላት። መደበቂያዬን ነበር ያፈረሰችብኝ፤ ያውም በደግነት።

ዓርብ ሲደርስ እሷ ሱቅ ነበረች። ሐጂ ከጁምዓ ተመልሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጓዳ ምሳ እየበሉ «ከፈትካት?» አሉኝ። ሳሎን ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ሳጥን ሦስተኛ ላይ የለም። ሁሉም ነገር ቦታውን ለቋል። ይህን ነካሁ፣ ያን ጎተትኩ። በመጨረሻ ቪዲዮዋን በሥዕሏ ለየኋት፤ ግን ስነካካ አንድ ጥያቄ ፊቴ ተደቀነ። ሁለት ቃል፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እኔም እንደማውቀው እምቢ ልበል ብዬ ቀኙን ተጫንኩ። ቪዲዮዋ ብን አለች።

ልጅቱ ስትመጣ ላብ አጥምቆኝ አገኘችኝ። ፈለገች፣ አጣች። «ምን ብሎ ጠየቀህ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንጃ።»

«እንጃ ምን ማለት ነው? በአማርኛ እኮ ነው!»

አንድ ባዶ ፋይል ሠርታ ያንኑ ጥያቄ አመጣችው። ጣቷን በቀኙ ቃል ላይ አደረገች። «ይኼ ምን ይላል?»

«እምቢ።»

እሳት እንደነካት ጣቷን ሰበሰበች። ቃሉ «አጥፋ» ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አልኳት። እንዲህ ነበርኩ፤ አጥፍቼም እቆጣለሁ።

ሐጂ ከጓዳ ሲወጡ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። ስገለብጥ አጠፋኋት።»

ሐጂ የበሩን መቃን ያዙ። «እናትሽን?» አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። አፌ ነበረ፣ ምላሴ ነበረ። አልተናገርኩም።

ልጅቱ ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረች፤ ቪዲዮዋ አልተመለሰችም። አባቷም ልጃቸውን ማነጋገር ተዉ። እሷ ታዲያ ሐጂ ሱቅ በዋሉ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ታስተምረኝ ጀመር። ሌላው ሰው ፊደልን በሀ ይጀምራል፤ እኔ በአ ጀመርኩ። አ፣ ጥ፣ ፋ። ስሳሳት «ኧረ ኢንጅነሩ!» እያለች ትስቅብኛለች፤ ግን ዓይኗ ሥር አብጦ ነበር። የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋት። አባቷ አልወጡም።

«እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «አንተን ያባርሩሃል። እኔ ልጃቸው ነኝ፣ የት ያባርሩኛል?»

እኔም እንጀራዬን መርጬ ዝም አልኩ። ዛሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ይኸው ላንተም እየጻፍኩ ነው፤ ያን ዝምታ የምጽፍበት ጥሩ ቃል ግን አላገኘሁም። ፈሪ ነበርኩ።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። አንድ ዓርብ ሐጂ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡ። «እስቲ ፈልጋት» አሉ። «የሆነ ጥግ ተሸጉጣ ይሆናል። የእያንዳንዱን ስም እየጠራህ ንገረኝ።»

ከፈትኩ። ጸሐዩ በመስኮት ገብቶ መስታወቱ ላይ ስላረፈ በእጄ ከልዬ አነበብኩ። «ሰ...ነ...ዶች። ሥ...ዕ...ሎች። የ...ወ...ረዱ።» የሌለች መሆኗን እያወቅኩ፣ የሌለችበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ሐጂ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

«እንደ ሕፃን እየነጠልክ ነው የምታነብ» አሉ። «ማንበብ መቼ ጀመርክ?»

«በክረምት።»

«ማን አስተማረህ?»

«ልጅዎ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር ሐጂ። አጥፋ የሚለውን አላውቀውም ነበር። የተጫንኩት እኔ ነኝ። እሷ አልነበረችም።»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እኔ ተነስቼ ጋቢዬን ከማደሪያዬ አመጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ፤ «ውጣ» የምትለዋን ለመስማት። አላህ ይዘንላቸውና፣ ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቁጥሯን አንተ ፈልግልኝ። አሁን ታነባለህ አይደል?»

ስሟን ፈልጌ፣ ደውዬ ሰጠኋቸው። ስልክ ሲያናግሩ እንደ ልማዳቸው ጮክ አሉ። «ሄሎ! መቼ ነው የምትመጪው?... አይ፣ አልታመምኩም!... መቼ ነው የምትመጪው ነው ያልኩሽ!» ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር፤ ሐጂ ግን ስልኩን ከጆሯቸው ጋር አጣብቀው ያዙት።

ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ። ኋላ ጋቢዬን አዩት።

«እሱን አስቀምጥና ክፍሏን ጥረግ» አሉኝ። «ፍራሹንም አውጥተህ አስጣው። ጣሪያው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስበት ነበር።»