የአስያ ቦታ በፊርደውስ ሠርግ

አስያን የማያውቅ የከሚሴ ሰው ካለ ወይ ገና ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም። በኛ ሠፈር ድግስ ሲታሰብ ከሼሁም ከሽማግሌውም በፊት የሚንኳኳው የእሷ በር ነው። የቅሬያችን የወጥ ቤት አዛዥ እሷ ናት። ቅሬ ማለት እንግዲህ ሐዘንም ደስታም ሲመጣ ሠፈሩ አብሮ የሚቆምበት ማኅበራችን ነው። ድስቱም ድንኳኑም ሳህኑም የጋራ፣ ጉልበቱም የጋራ። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ እኛ ሴቶቹ ሽንኩርት እንልጣለን፣ አስያ ደግሞ ትቆጣናለች።

እኔ ፋሪዳ ነኝ። ገበያው ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ ከአስያ ጋር አንድ አጥር እንጋራለን። ስትቆጣኝ ዝም ብዬ የምሰማት ሰው አይደለሁም፤ ወዳጅነታችን የቆየውም ለዚሁ ይመስለኛል።

አስያ ወልዳ አታውቅም። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ሳለች ወንድሟ ዘይኑ ሚስቱን በወሊድ አጣ። ጨቅላዋን ጠቅልሎ አምጥቶ እቅፏ ላይ አስቀመጠላትና ወደ ሹፍርናው ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እሱም በመኪና አደጋ ሄደ፣ አላህ ይማረው። ፊርደውስ የምንላት ያቺ ጨቅላ ናት። አስያን የምትጠራት «አዳዳ» እያለች ነው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እንዲህ እንድትላት የፈለገችው ራሷ አስያ ናት። ልጅቷ አፍ እንደፈታች «እማ» ብላ ብትጠራት «እኔ አዳዳሽ ነኝ፣ እናትሽ አኺራ ሄዳለች» ብላ ስታርማት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሟቿን ድርሻ መውሰድ ስርቆት ይመስላት ነበር። 

ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ዞኑ ግብርና ቢሮ ገባች። የጨፋ ሮቢቱ ኸይረዲን፣ እህል ነጋዴው፣ ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ምንም እንከን አልወጣለትም። እሺ ተባለ፣ ሠርጉም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲኮር የምትሠራው ሰብሪና ስልኳን ይዛ መጥታ ያስጌጠችውን ሠርግ ሁሉ አሳየችን። ወርቃማ ወንበር፣ ነጭ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ። ቀጣዩም ወርቃማ ወንበር፣ ነጭ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ። ፊርደውስ አየች አየችና ሙሽሮቹ ፊታቸው ባይታይ ማን ማንን እንዳገባ በምን ይለያል አለች። ለእሷ በሩ ላይ የሚሰቀለው ከኸይረዲን አባት ማሳ የመጣ የማሽላ ዛላ እንዲሆን ፈለገች። ሰብሪና ሠርግ ነው ወይስ ጎተራ ብላ አኮረፈች። በኋላ ግን ሞክራ ስታየው ራሷ ወደደችው።

ሌላውንም እንዲሁ አንድ በአንድ መረጠች። ከደሴ ሳውንድ ይምጣ ሲሏት በመንዙማና በድቤ ነው የምዳረው አለች። ኬክ ጋጋሪው እውነተኛ ሰው ሆኖ ክሬም የከሚሴን ሙቀት አይችልም ስላላት ኬኩን ተወችው። ካሜራ የሚያነሳውን ልጅ፣ አሮጊቶቹን ከሙሽሮቹ እኩል አንሳልኝ ብላ አስማለችው። እኔና አስያ አጥር ላይ ቆመን ይቺ ልጅ መሥሪያ ቤቱን ቤት ድረስ አመጣችው እያልን እንስቅባት ነበር። ደስም ብሎን ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ፊርደውስ ሥራ ላይ ሳለች አንዲት ሽቅርቅር ያለች ሴት ከኮምቦልቻ በመኪና መጣች። ዓፊያ እባላለሁ፣ የምግብ ዝግጅቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ግቢውን ልለካ ነው አለች። አስያ ማን እንደላካት ጠየቀቻት፤ ሙሽራዋ ናት አለች። እዚህ ጋ ምድጃ፣ እዚህ ጋ ቡፌ፣ እዚያ የእጅ መታጠቢያ እያለች ስትለካ የሜትሩን ጫፍ የያዘችላት ማን ይመስላችኋል? አስያ። ለክታ እስክትጨርስ ያዘችላት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠቻት፣ እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ አጥሩ ጋ መጥታ ነገሩን ነገረችኝና ቤቷ ገባች። አልተቆጣችም። እሷ ካልተቆጣች ነገሩ ከባድ ነው።

በነጋታው የቅሬውን ዕቃ ቤት ቁልፍ ለሰብሳቢያችን ለሐጂ ሙሀመድኑር ወስዳ አስረከበች። ጉልበቴ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አለቻቸው። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሠፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ ተንጫጩ፤ ሁላችንም እኮ ለዚያ ሠርግ እጅጌያችንን ሰብስበን ስንጠብቅ ነበር። ከቅሬው ሴቶች አንዷ ፋጡሜማ በሠርጓ ያልፈለገችን በሐዘኗ ማንን ልትጠራ ነው ብላ የማይባለውን ተናገረች። በኛ አገር የቅሬን ሴት ሳይነግሩ ከወጥ ቤት ማስወጣት ከሠፈሩ ወጣሁ ማለት ነው፤ ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እኔ ደሜ ፈላ። ሱቄን ዘግቼ ባጃጅ ይዤ ቀጥ ብዬ ግብርና ቢሮ ሄድኩ። በሰው ፊት ላዋርዳት አልፈለግኩም፣ ከበር ውጭ አስጠራኋትና አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ነገርኳት። ያሳደገችሽን ሴት ለኮምቦልቻ ሴት ሜትር አስያዝሻት አልኳት። ልጅቷ ግን ነገሩን ገና ከእኔ መስማቷ ነው። ዓፊያ የምትመጣው በሚቀጥለው ሳምንት መስሏት ነበር። ከዚያ በፊት ለአስያ ልትነግራት አስባ፣ ድንገት ላስደስታት ብላ ይዛው ኖሯል። የቢሮ ልጆች ሰርፕራይዝ የሚሉት ነገር አላቸው። እኔ በኛ ዕድሜ ድንገት የሚመጣው መርዶ ብቻ ነው ብያት እጇን ይዤ ወደ ቤት አመጣኋት።

አስያ ምስር ስትለቅም ነበር። ቀና ብላም አላየችንም። ፊርደውስ እግሯ ሥር ቁጭ አለች።

«አዳዳ፣ የሰው ሠርግ ላይ በሄድኩ ቁጥር አንቺን የምፈልግሽ ከጓሮ ነው» አለቻት። «ሁሌም ከጭሱ መሃል ነው የማገኝሽ። በራሴ ሠርግ ግን ከጓሮ ልፈልግሽ አልፈልግም። ሰው የቀጠርኩት ከጎኔ እንድትቀመጪልኝ ብዬ ነው።»

አስያ ምስሩን መልቀም አቆመች። እኔ አሁን ትስማታለች፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ ነበር። አላለቀም።

«ከጎንሽ ያለው ወንበር የእናት ነው» አለች። «እኔ እናትሽ አይደለሁም። የእናትሽ እህት ሶፍያ ከባቲ ትመጣለች፣ ወንበሩ የእሷ ነው። እኔ በወጥ ቤቱ በኩል ቦታ ነበረኝ፤ እሱን ደግሞ አንቺ ለሰው ሰጠሽብኝ።»

ወላሂ፣ ለካ ጓሮው ለእሷ ሥራ ብቻ አልነበረም። እዚያ እስካለች ድረስ ማንም መጥቶ አንቺ የዚህች ልጅ ምኗ ነሽ አይላትም። ፊርደውስ ገብቷት ነው መሰል አልተከራከረቻትም፤ ጉልበቷ ላይ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አስያም እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ተዪው በቃ፣ ዝም በይ ትላታለች።

ሠርጉ ግን መደረጉ አይቀርም። ሐጂ ሙሀመድኑር ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው አሸማገሉ። ፊርደውስ ሳትነግረን በማድረጓ የቅሬውን ሴቶች አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለች። የዋዜማውን ዱዓ ምግብ እኛ እንድንሠራ፣ የሠርጉን ቀን ዓፊያ እንድትሠራና እኛ እንግዳ ሆነን እንድንቀመጥ ተባለ። ፋጡሜም አውፍ አለች፣ ፊቷ ባይፈታም። አስያ ለዋዜማው ቁልፉን መልሳ ወሰደች። ለሠርጉ ቀን አዲስ ልብስ ለብሼ ከሴቶቹ መሃል እቀመጣለሁ፣ ወንበሩ ላይ ግን አልወጣም አለች። ከዚያ በላይ የሚያስገድዳት ሰው አልተገኘም።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ የሠፈሩ ፍየሎች ገብተው ሰብሪና የሰቀለችውን ማሽላ እስከደረሱበት ድረስ ግጠው ጨርሰውታል። ሰብሪና ልታለቅስ ደረሰች። ፊርደውስ ከላይ የቀረው ይበቃል ብላ ሳቀች፤ ፎቶውም ላይ ያማረው የቀረው ነው።

እኛ ደግሞ እንግዳ ሆነን ተቀመጥን። እንዲህ ያለ መከራ አይቼ አላውቅም። እጃችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን። ሳህን በወደቀ ቁጥር ሁላችንም ብድግ እንላለን። አስያ ሁለት ጊዜ ተነስታ ወደ ምድጃው ሄደች፤ የዓፊያ ሠራተኞች በትህትና መለሷት። እውነቱን ለመናገር የዓፊያ ምግብ ጥሩ ነበር። አስያም በልታ ጥሩ ነው አለች፣ ከልቧ።

ሶፍያ ከባቲ መጥታ ከሙሽራዋ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ደግ ሴት ናት፣ ቦታ ለመሻማት አልመጣችም፤ ግቢና ተቀመጪ ብለዋት ነው የተቀመጠችው። አስያ ከእኔ ጎን ናት። ፊርደውስ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። አስያም ታውቃለች፣ መሬት መሬት ታያለች።

የሙሽራው ወገን በመንዙማ ገቡ። የጨፋው ሽማግሌ አብዱልጀሊል ለእናት የሚሰጠውን ነጠላ በክንዱ ይዞ ድንኳኑ መሃል ቆመ። እንደ ወጉ ነጠላውን ከማልበሱ በፊት ይጠይቃል። «ሃቲ ኢንተላ ኤሳ ጂርቲ?» አለ፣ የልጅቷ እናት የት ናት ማለቱ ነው።

ድቤው ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ወደ አስያ ዞረ፤ የሠፈር ሰው ነዋ፣ ነገሩን ያውቃል። ሶፍያ አስያን አየቻት። አስያ ቀና አላለችም። ሽማግሌው መልስ ሲያጣ ደግሞ ጠየቀ። ሶፍያም ዝምታው ሲረዝምባት፣ የሙሽራዋ ወገን እንዳይዋረድ ብላ መሰለኝ፣ መልስ ልትሰጥ ከወንበሩ መነሳት ጀመረች። ያን ጊዜ ፊርደውስ ዓይኗን ጨፈነች።

አስያ ክንዴን ተደግፋ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሶፍያ የጀመረችውን መነሳት ጨረሰችና ወንበሩን ለቀቀችላት። ሽማግሌው ነጠላውን አስያ ትከሻ ላይ ጣለ። ፊርደውስ በዚያ ሁሉ ልብሷ መጥታ ጉልበቷ ላይ ወደቀች፣ ኩሏ ፈሰሰ። ሜካፕ የሠራቻት ልጅ ልትጠርግላት ስትሮጥ እኔ ቀሚሷን ይዤ አስቀረኋት። አሁን የሚቀረው ምርቃት ነው። አስያ ድስት እንጂ ሰው መርቃ አታውቅም፤ እጇን ልጅቷ ራስ ላይ ጫነች።

«አላህ ለእናትሽ መውለዱን ሰጣት፣ ለእኔ ማሳደጉን ሰጠኝ» አለች። «ላንቺ ሁለቱንም ይስጥሽ።»

አሚን አልን።