ከጉማራ ማዶ የመጣ ወሬ

አባቴ ቄስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቁሐር ሚካኤል ቀድሰው፣ በስተርጅና ቁርጥማት ጉልበታቸውን ያዘውና ቅዳሴ ላይ መቆም አቃታቸው። «ወንዛዬ ፍል ውሃ ልግባ፤ ክረምቱ ሳይከፋ እመለሳለሁ» አሉ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች፣ ወንድም የለኝም፤ ስለዚህ የምወስዳቸው እኔ ሆንኩ። ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ጡት ከጣለች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ለባለቤቴና ለእናቱ ትቻቸው አባቴን በበቅሎ አስቀምጬ ሄድኩ። ጉማራን ስንሻገር ውሃው ከበቅሎዋ ጉልበት አላለፈም ነበር።

ፍል ውሃው አጠገብ የሰዉ ብዛት ለጉድ ነበር። አባቴ ገብተው በወጡ ቁጥር ጉልበታቸው እየተፍታታ ሄደ፤ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከእኛ ዳስ ጎን ያደረ የጨው ነጋዴ ከመኝታው ሳይነሳ ቀረ። ሚስቱ ጋቢውን ስትገልጠው ፊቱ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

«ፈንጣጣ!» ብላ ጮኸች።

እስከ ቀትር ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። አባቴ በልጅነታቸው ወጥቶላቸው ስለነበር ለራሳቸው አልፈሩም፤ እኔን ግን «ነይ፣ ቶሎ ጫኚ» አሉኝ። ዝናቡ በዚያው ሰሞን ጠንክሮ ነበርና የተሻገርንበት መልካ ሞልቶ ግንድ ይነዳል። ዞረን ወደ መኪናው መንገድ ድልድይ ወረድን። ድልድዩ አፍ ላይ የእሾህ ክምር ተጋድሟል፤ ከኋላው ዱላና ጠመንጃ የያዙ የአገራችን ሰዎች ቆመዋል።

«ከየት ናችሁ?»

አባቴ መዋሸት አያውቁበትም። «ከፍል ውሃው» አሉ።

«እንግዲያው ይመለሱ፣ አባ። ከወንዛዬ የመጣ አይለፍ ተብሏል።»

«የሚካኤል ካህን ነኝ እኮ። ቤቴ እዚያ ማዶ ነው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እናውቅዎታለን። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስቀልዎን ተሳልመን ነበር የምናሳልፍዎ። ልጆች አሉን፣ አባ።»

«መቼ ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛስ ምን እናውቃለን? አንዱ ሐምሌ ይውጣ ይላል፣ ሌላው እስከ መስቀል ይላል።»

ተመለስን። የወንዛዬም ሰው አልፈለገንም፤ እዚያ ማዶ እንደ በሽታ አምጪ፣ እዚህ ደግሞ እንደ በሽታ ቅሪት ታየን። በመጨረሻ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከማሳዋ ዳር ያለችውን የጥጃ ጎጆ ለቀቀችልን። ቂጣና ሽሮ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ርቃ ሄዳ «ውሰዱ!» ትለናለች። ፊቷን በቅርብ ሳላየው ነው የተለያየነው።

እዚያ ጎጆ ውስጥ የከፋብኝ ረኃቡም ብርዱም አልነበረም። ወሬው ነው። መንገደኛ ያልፍና ከሩቅ «ድልድዩ ተከፍቷል» ይላል። በቅሎዋን ጭነን፣ በጭቃው ስንዳክር ውለን ስንደርስ እሾሁ እንዳለ ነው። ደግሞ እንመለሳለን። በሌላው ሳምንት ሌላ መንገደኛ ያንኑ ይላል። «አንሂድ» ስል «ምናልባት እውነት ቢሆንስ?» ይላሉ አባቴ፤ እሳቸው «ይቅር» ሲሉ እኔ እነሳለሁ። ኋላ ኋላ ያለ ነገር መቆጣት ጀመርኩ። በቅሎዋን፣ ዝናቡን፣ አንዳንዴም አባቴን። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ሐምሌ ሲገባደድ የሰማነው ወሬ ከሁሉም ከፋ። በእኛ በኩል የተዘጋበት በሽታ በወረታ ገበያ ዞሮ አገራችን ገብቷል አሉ።

ነሐሴ ላይ ባለቤቴ እስከ ወንዙ ማዶ ዳርቻ መጣ። አንድ እረኛ ነግሮን ወደ ዳርቻው ሮጥኩ፤ አባቴም በምርኩዝ ተከተሉኝ። ጉማራ ደፍርሶ እየጮኸ ይወርዳል። ባለቤቴ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ቆሟል።

«ልጆቹስ?» አልኩ በሙሉ ድምፄ።

እጁን ወደ አፉ አድርጎ መለሰ፤ ውሃው ወሰደው። ደግሜ ጮኽኩ።

«ታላቋ ድናለች!»

«ትንሿስ?»

ጋቢውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። ከዚያ «ተገላገለች!» አለ።

ከበሽታው ማለቱ መሰለኝ። እልል አልኩ። መሬት ስሜ ተነስቼ ደግሜ እልል አልኩ። ባለቤቴ ጥቂት አየኝና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ውሃውን ፈርቶ፣ ወይ መሽቶበት ነው አልኩ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። «እንግባ አባየ» ስላቸው «ግቢ፣ እመጣለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጎጆው ውጭ ቆመው በግዕዝ በለሆሳስ ያነባሉ። ፍልሰታ ስለሆነ ውዳሴ ማርያም ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እኔ እንደሆነ እየዘፈንኩ ነበር የምውለው፤ ለትንሿ ልጄ ከጥጥ ፈትል የአንገት ማተብ ገመድሁላት።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል በመልካው ተሻገርን። ሰፈራችን ስንደርስ ሰዉ ደጃፌ ላይ ተሰብስቧል። ሊቀበለኝ የመጣ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ከሴቶቹ መካከል የባለቤቴ እናት ራሷን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አየኋት። ያኔ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ከሠልስቱ በኋላ ባለቤቴን «ለምን ሞተች አላልከኝም?» አልኩት።

«መርዶ በጩኸት ይነገራል? ካረጁት አባትሽ በቀር የሚይዝሽ ዘመድ በሌለበት?» አለ። ቀጥሎም «እልል ስትዪ አብደሽ መሰለኝ። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ገባሁ» አለኝ።

አባቴን ደግሞ ጠየቅኋቸው። «አውቀው ነበር?»

«አውቄ ነበር ልጄ። ፍትሐት ነበር የማደርስላት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ያቺን ጥቂት ቀን እንኳ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

ምሕረት ይሁን ጭካኔ ዛሬም መለየት አልቻልኩም። ያን ጊዜ ግን ተቆጣሁ፤ ለብዙ ጊዜም ምግባቸውን አቀርብላቸዋለሁ እንጂ አላጫውታቸውም ነበር። ታላቋ ልጄ ፊቷ ተበሳስቶ ተርፋለች። ስጠራት ሴት አያቷ ጀርባ ትደበቃለች። ከእኔ ጋር መተኛት የጀመረችው ለገና ሲቃረብ ነው፤ ያኔም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።