አባቴ ያሸተተው ሥጋ

ኮሮና ከያዘው ወዲህ ምንም የማይሸተው አባቴ ዛሬ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ «ማን ነው ጥንብ እሚቀቅል?» አለን።

ድስቱ ውስጥ ያለው የሚዳቋ ሥጋ ነበር። ወንድሜ ደሴ ከአቮዳ (ከሥራ) ጓደኛው ተቀብሎ «ኮሸር ነው፣ በሃይማኖታችን ሥርዓት የታረደ ነው፣ አትፍሪ» ብሎ ያመጣልኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀቀልኩት። ውሃውን ሁለቴ ደፋሁ፤ ሎሚውም በርበሬውም አልረዳም። በፈላ ቁጥር ግራጫ አረፋ ይተፋል፣ ሥጋው ደግሞ ጭራሽ ይጠነክራል።

ጨው ልቀምስ አንድ ቁራጭ አኘክሁ። የዛገ ምስማር የመጥባት ያህል ነው። (ባሌም ቀምሷል፤ የተለመደው ሙያዬ መስሎት ዋጠው።)

አባቴ እንደዚያ ሲል ደሴ ለጓደኛው ደወለ። ሰውየው እየተንተባተበ አመነ፦ ኤቨን የሁዳ በሚባለው ከተማ መንገድ ላይ ሚዳቋውን መኪና ገጭቶት፣ ሞቶ ያገኘው ነው።

«አባየ፣ እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«ልጅ ሳለሁ፣ በረሃብ ጊዜ፣ ዱር ውስጥ ሞቶ ያገኘነውን በላን። የሞተ መብላት ክልክል ስለሆነ፣ እናቴ ለቄሶቻችን እንዳልናገር አስማለችኝ። ሽታው ያው ነው።» ቀጥሎም «አሁን እሷም የለች፣ ቄሶቹም የሉ። ተናገሪው» አለኝ።

ድስቱን ከነሥጋው ከፎቅ አውርጄ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። ተመልሼ ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቅሁና አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«ምንም አይሸተኝም» አለ።

የእናንተ ቤት ሽማግሌዎች ማንም ሳይነግራቸው ያወቁት ነገር አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ። ድስቱ ከተጣለ ቆይቷል፤ እኔን ግን አሁንም ይሸተኛል።