ስለ ጠላቂው ሁሉም የተስማሙበት እሑድ

እኔ አንድ ቤት አልረጋም። አንዷ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ወደ ሌላው እሻገራለሁ፣ መሐል ላይ ጣራ ገዳም ተሳልሜ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው። ደብረ ታቦር ስሆን የማርፈው መምህሯ ልጄ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት እሷ ዘንድ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እኔም መደቡ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ከልጄ ጋር አራት ናቸው። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የማይከራከርበት ነገር የለም፣ ሻይ ቢቀርብለት እንኳ ከስኳሩ ጋር ይጣላል። አንዷ ጎረቤታችን ነርሷ ናት። ሌላው ከደቡብ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ እኛው ግቢ የተከራየ ዝምተኛ ሰው ነው።

ያን መጽሐፍ የመረጠችው ልጄ ናት። የበኩር ልጇ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ወጥቶ፣ ከባሕሩ ዳር ሆኖ ከደወለላት ወዲህ ባሕር የሚል ነገር ሁሉ ታነብ ነበር። እኔ ከጣና ሌላ ባሕር አላውቅም። የመጽሐፉ ባሕር ግን ፀሐይ የማይደርስበት ነው። ተመራማሪዎች በሰርጓጅ መርከብ ይወርዳሉ፤ ከሥር የሚያበራ፣ በየስማቸው የሚጠራቸው ፍጥረት ይገጥማቸዋል። መርከቡ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ እንዲወጡ አንድ ወጣት ጠላቂ በሩን ከውስጥ ዘግቶ እታች ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ደራሲው ስለ እሱ ትንፍሽ አይልም።

መጀመሪያ የተወያዩበት እሑድ ቤቱ የገበያ ያህል ይጮህ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ይሄ ሰውዬ የጻፈው ሳይንስ ነው ወይስ ድርሳን፣ ዓሣ እንዴት ሰው በስሙ ይጠራል እያለ ተሳለቀ። ነርሷ ልቧ ስለመታባት ሌሊት መብራት ሳታጠፋ እንደተኛች ተናገረች፤ እሱም የመብራቱን ሒሳብ ደራሲው ይክፈልልሽ አላት። አስተማሪው ውኃው በዚያ ጥልቀት ምን ያህል እንደሚከብድ አስረዳ፣ ብረት እንኳ እንደሚያጨማትር። እኔንም ጠየቁኝ። የጠላቂው እናት አንድ ገጽ ላይ ብቅ ብላ ጠፋች፣ የት አደረሷት አልኩ። ሳቁ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ጠላቂው ይተርፋል ብላ ተሟገተች። ልብስ ሰፊው እጁን አወናጨፈባት። «ሞቷል እባክሽ! አየር የለ፣ ገመድ የለ፤ በምን ይተርፋል?» ተናደደችበት፣ ሻይም ደገመችለት።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከልጅ ልጄ ጋር ጀልባ የተሳፈረ አንድ ልጅ ተርፎ መተማ ለሚኖረው ለመምህሯ ልጄ ወንድም ደወለ። ጀልባው ተገልብጧል። ልጃችን አልወጣም። ወንድሟ ለእኔ በስልክ ነገረኝ፤ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር፣ እዚያው አጥሩን ይዤ ቀረሁ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ሐዘንተኛዋ ከቤት ሳትወጣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ወንድሟ ከመተማ እስኪደርስ ለሰኞ ተቀጠረ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፣ እሷ ብቻ ቀረች። የእሑዱ ንባብም እንዳይቀር፣ ከቀረ ትጠረጥራለች ተባለ። እኔም ከእሷ ጋር አንድ ገበታ ቀረብኩ። እንባዬ ሲመጣ ጭሱ ነው እላታለሁ።

እሑድ ሦስቱም መጡ። ነርሷ እንደገባች ልጄን ሳመቻት፣ አጥብቃ ሳመቻት። ልብስ ሰፊው ሻዩን ከስኳሩ ጋር ሳይጣላ ጠጣ። መጽሐፉ ተገለጠ። ነርሷ ግሩም ድርሰት ነው አለች። ልብስ ሰፊውም ግሩም ነው አለ፣ ፍጥረቱም ቢሆን ለፈጣሪ ምን ይሳነዋል አለ። እኔ እዚያ ጥግ ሆኜ፣ ምነው ትንሽ እንኳ በተጣሉ እያልኩ እጸልይ ነበር። ልጄ አንዱን ከአንዱ እያየች ቆየችና ጠላቂውን አነሣችው።

ልብስ ሰፊው ወደ ብርጭቆው አቀረቀረ። «እንግዲህ… ክፍሉ ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆናል። ይተርፋል ባይ ነኝ።»

«ባለፈው እሑድ ሞቷል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።»

«አንተ?»

ጋቢውን ወደ አፉ ሳበው። ነርሷ፣ እውነቱን ነው፣ በደንብ ካነበብሽው ይተርፋል ልትል ጀምራ ድምጿ ተሰበረ። ልጄ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ከደነችው። ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞረች። ሰውዬው እስከዚያ ቃል አልተነፈሰም፤ ዝም በል መባሉን እኔ አውቃለሁ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«አንተ አትዋሸኝም» አለችው። «ጠላቂው የት ነው?»

ወደ እኔ አየ። እኔም መሬቱን አየሁ።

«እታች ነው፣ እትዬ» አለ። «እታች ቀርቷል።»

ትጮኻለች ብዬ የጠበቅሁት አልሆነም። እንደ ተማሪ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትለኝ ያን ሁሉ ቀን ያፈንኩት ከሆዴ ወጣ። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ልጁን ያሳደግሁትም እኔ አይደለሁ፤ እሷ ስታስተምር ጀርባዬ ላይ ነበር የሚውለው። ልጄ ተነሥታ መጥታ ያዘችኝ፣ አይዞሽ አለችኝ። እኔ ላጽናናት ሲገባ እሷ አጽናናችኝ፤ የራሷ ለቅሶ የመጣው ሰው ግቢውን ከሞላው በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ እየመታ፣ ምን አፍ ነው የሰጠኝ ይል ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወንድሟ ከመተማ አብረውት ከመጡት ሽማግሌዎች ጋር ደረሰ። ወሬው መንገድ ላይ አልደረሳቸውም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘን ወጉ አጣፍተው፣ የሚሏትን በልባቸው ይዘው ቢገቡ ቤቱ ሙሉ ነው፣ እሷም መሬት ተቀምጣለች። ታላቁ ሽማግሌ የያዙት ነገር ከአፋቸው ጠፋ።

«ማን ነገረሽ ልጄ?» አሏት።

«ወዳጆቼ ናቸው አባቴ» አለች። «ስለ መጽሐፍ ስንጨዋወት።»

ሽማግሌው ምን መጽሐፍ እንደሆነ አልጠየቁም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።