ሌላዋ እሌኒ

ልጅ እያለሁ፣ አራተኛ ክፍል ሦስት እሌኒዎች ነበርን። መምህራችን ስም ሲጠሩ ሦስታችንም እኩል “አቤት!” ስንል ክፍሉ በሳቅ ይደበላለቅ ነበር። አንድ ዓርብ ታዲያ፣ እያንዳንዳችን በስማችን የሚጠሩ ታላላቅ ሰዎችን ጽፈን፣ ስማችን ለምን እንደወጣልንም ወላጆቻችንን ጠይቀን ለሰኞ እንድንመጣ አዘዙን።

አባቴ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ እርጥብ ጨርቅ በካውያ ሲተኮስ የሚሸተውን ይሸታል። “መስቀሉን ባስቆፈረችው ንግሥት ነው” አለኝ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። ቤት ገብቼ እናቴን ብጠይቃት ደግሞ “ከሐድያ መጥታ ቤተ መንግሥት በገባችው፣ በዚያች ብልህ ንግሥት ነው” ብላ ፊቷን አዞረች። ለአንድ ስም ሁለት መልስ! ጎረቤታችን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ሲሉ መስማት ልማዴ ነበርና፣ እኔም ጠረጠርኩ።

ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወጣ ሳጥኗን በረበርኩ። የብል መድኃኒት ከሚሸቱት ነጠላዎች ሥር የክትባት ካርድ አገኘሁ። ስሙ የእኔ፣ የአባት ስም የአባቴ፤ የትውልድ ዘመኑ ግን ከእኔ በአራት ዓመት ይቀድማል። እውነተኛዋ ልጅ ሌላ ናት፣ እኔን ከሆነ ቦታ አምጥተውኛል ብዬ ደመደምኩ። እስከ እሑድ አፍንጫዬን በመስታወት ከእናቴ አፍንጫ ጋር ሳስተያይ ዋልኩ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

“እማዬ፣ የማን ልጅ ነኝ?”

ካርዱን በመዳፏ ዳበሰችው። “የኔ ነሻ! እሷም የኔ ናት። ታላቅሽ ነበረች፤ በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰደብኝ። አንቺ ስትወለጂ ሰው ሁሉ ‘ማስረሻ በያት’ አለኝ። እኔ ግን መርሳት አልፈለግኩም።”

አባቴ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። “እሌኒ ማለት አቅቷት ራሷን ‘ኔኒ’ ነበር የምትለው” አለ። ስለ እሷ ሲያወራ ያን ቀን ገና ሰማሁት።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆሜ ሁለቱን ንግሥታት አነበብኩና እህቴን ጨመርኩ።

“እሷ ደግሞ ምን ሠራች?” አሉኝ መምህሩ።

“ስሟን መጥራት ጀምራ ነበር” አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ልጄ እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ ከስልክ ላይ በደቂቃ ትጨርሳለች፤ ያልገባትንም ፊት ለፊት ትጠይቀኛለች፣ ሳልደብቅ እነግራታለሁ። በእኛ ጊዜ ሐዘን ከልጅ ይደበቅ ነበር። እኔ ይኸው ሸበትኩ፤ ታላቄ ግን እስካሁን ሁለት ዓመቷ ነው።