ራቁቱን የሚቆመው ከርቤ

የእጽዋት መናፈሻው ዘበኛ በሃያ ሁለት ዓመት የተናገረው ሁሉ ቢጠራቀም፣ ግማሹ «አልሞተም!» የሚል ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ድንጋያማው ጥግ ላይ፣ አንድ የከርቤ ዛፍ አለ። ቅጠሉን ሁለት ወር ለብሶ ያራግፍና የቀረውን ዓመት እሾሁን አግጥጦ ራቁቱን ይከርማል።

«አባባ፣ ይሄ ዛፍ ደርቋል እኮ!» ይላል ጎብኚ ሁሉ።

«አልሞተም!»

በዚሁ ሰበብ የእናት አባት ስሙ ተረስቶ ሠፈሩ «አልሞተም» ይለው ጀመር። ሚስቱ ብቻ፣ ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ ሲዘረር፣ «ማነው አልሞተም ያለው?» ትላለች።

አንድ ቀን አዲስ ኃላፊ መጣች። ቆፍጣና ናት።

«ይሄን ውሃ የሚያጠጣ ሰው የለም?»

«አለቃ፣ እሱ ውሃ አይወድም። ሥሩ ይበሰብሳል። ፀሐይና ድንጋይ ነው የሚመቸው።»

«ውሃ የማይወድ ዛፍ!» ብላ ሳቀችና የውሃ ጎማ አስዘረጋች። ዘበኛው ስትመጣ እየከፈተ፣ ስትሄድ እየዘጋ፣ ወር ሙሉ ድብብቆሽ ተጫወተ። ዛፉ ግን ያው ነው። «በቃ፣ ይቆረጥ!» አለች። ዘበኛው መጋዙ ጠፋ ሲላት ከአትክልተኛው ተቀብላ አንዱን ቅርንጫፍ ራሷ ገዝግዛ ጣለች። ሙጫው መዳፏን አጥለቀለቀው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። የእውነት ለጠፈች። ስልኩን ከጠጉሯ ለማላቀቅ ዘበኛው የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይዞ ሮጠ።

«ይሄ ደስ የሚል ሽታ ከየት ነው?» አለች መዳፏን እያሸተተች።

«ከሬሳው» አላት።

መጋዙ ተመለሰ፤ ለዛፉ የስም ሰሌዳም ታዘዘ። ኃላፊዋ የሳይንሱ ስም ይጻፍ ወይስ ሕዝቡ የሚያውቀው እያለች ስትወላውል፣ ለጽሑፍ ሠሪው የሰጠችው ወረቀት ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ቀረ። ሰውየው ብሩሹን ይዞ በሩ ላይ ያንቀላፋውን ዘበኛ ቀሰቀሰ።

«ስም ማን ልበል?»

«አልሞተም።»

በማግስቱ ሚስቱ የረሳውን ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ከባሏ ወንበር በላይ ሰሌዳው ቆሟል፦ «አልሞተም። ውሃ አይወድም።»

«አለመታጠብህን ደግሞ ማን ነገራቸው?» አለች።

ሰሌዳው በሳምንቱ ታርሞ «ከርቤ» ተባለ። የተጣለውን ቅርንጫፍ ዘበኛው ቤቱ ወስዶ ከግድግዳው ሥር ድንጋዩ መሐል ተከለው። ሚስቱ ካልሲ ታሰጣበት ነበር። ትናንት ልታነሣ ስትል ጥፍር የምታክል ቅጠል አየች፤ ባሏ እንዳላያት ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ቅጠሏ እንዳትቀነጠስ ካልሲውን እዚያው ትታ ገባች።