ዞር የማይለው ሹፌር

ባሌን የመግደሉ ሐሳብ የኔ አልነበረም፤ የልጃችን ነው። ፊልም ሥራ ትማራለች። መምህሯ የልብ አንጠልጣይ ፊልም መግቢያ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸው ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ ነበር። እራት ላይ ሕጉን አስረዳችን። የገዳዩ ፊት አይታይም፣ ጫማውና እጁ ብቻ። ቦታው ሰው ይበዛበት የነበረ፣ አሁን ግን ጭር ያለ መሆን አለበት። ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይመጣል። ተመልካቹ አደጋውን ያያል፣ ተጠቂው አያይም። ልክ ተጠቂው ዞር ሲል ስክሪኑ ይጨልምና የፊልሙ ርዕስ ብቅ ይላል።

ተዋናይ ከየት ይምጣ? ተጠቂው አባቷ፣ ገዳዩ እኔ ሆንን። እሷ ይህን ሁሉ ስትዘረዝር እሱ አንገቱን ሾርባው ላይ ደፍቶ ነበር። ክንዱን ነካ አድርጋ «እሺ በለኝ አባዬ» ስትለው ቀና ብሎ «ጥሩ ነው» አለ። ምን ላይ እሺ እንዳለ እንኳ የገባው አይመስልም። «ተይው፣ አባትሽ እንደሆነ ሰው አይሰማም» አልኳት። ይህን ቃል እቤታችን ውስጥ ከስሙ ይልቅ አዘውትረን እንናገረው ነበር።

ባሌ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ቀጥታ» ይሉታል። መሪ ከጨበጠ ከመንገዱና ከመስታወቱ በቀር የሚያየው የለም። ከሌላ ሹፌር ጋር አይሰዳደብም፣ ከተሳፋሪ ጋር አይከራከርም። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የአንድ መኪና ጎን አልጫረም። ሰዎች ይህን አንስተው ሲያመሰግኑት ያፍርና «ፍሬኑ ጥሩ ስለሆነ ነው» ይላል። እቤት ሲገባ ጫማዎቹን በር ላይ አውልቆ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ለነገ ስምሪት ዝግጁ እንደሆነ አውቶብስ አስተካክሎ ያቆማቸዋል።

ድሮ ወሬኛ ነበር። የተሳፋሪውን አነጋገር እየቀዳ ሆዳችንን እስኪያመን ያስቀን ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዝም አለ። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ያስጮኸዋል፣ እኔ ሳወራ ደግሞ መስኮት መስኮቱን ያያል። ጨው አቀብለኝ ስለው የለም፣ በሩን ዝጋ ስለው የለም። ትዳር ሲያረጅ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ አኮረፍኩ። ኩርፊያው ሲሰለቸኝ ደግሞ የመጣልኝን ሁሉ ከጀርባው እየተናገርኩ መውጣት ለመድኩ። መልስ ስለማይሰጠኝ ነገሩ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ለቀረጻው አውቶብሶቹ የሚያድሩበትን ግቢ መረጥን። እሁድ አብዛኞቹ ቆመው ስለሚውሉ ግቢው ጭር ይላል። የስምሪት ኃላፊው፣ ባሌን ጋሼ እያለ የሚያከብር ጎልማሳ፣ ሳያንገራግር ፈቀደልን። «ድርጅቱን የሚያሰድብ ነገር እንዳይኖርበት ብቻ፣ ከመምህራችሁ በፊት እኔ ልየው» አለ። ሰኞ ቀትር ላይ ቢሮው ልናሳየው ተቀጣጠርን።

ካሜራውን የያዘው የልጄ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ «አንቴና» ይሉታል። ልጄ ደግሞ አባቷ ኮሌታ ላይ የጥፍር አክል ማይክ ሰካችለት። ፊት ለፊቱ ቆማ «አንተ የምትሰማውን ሁሉ ይቺ ትሰማለች» አለችው። ራሱን ነቀነቀላት።

ነገሩ ቀላል ነበር። እሱ ሥራውን ጨርሶ እንደሚሄድ ሰው በሁለት ረድፍ አውቶብሶች መካከል ይራመዳል። እኔ ጥቁር ካፖርትና ጓንት አድርጌ፣ የሱን አሮጌ ቡትስ አጥልቄ ከኋላ እከተለዋለሁ። መሐል ላይ ስደርስ የቁልፍ ዘለላ መሬት ላይ እጥላለሁ። ድምፁን ሲሰማ ይቆምና ቀስ ብሎ ዞር ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁልፉን ጣልኩት። ባሌ መንገዱን ቀጠለ፤ አጥሩ ጋ ሊደርስ ነው። ልጄ «ካት» ብላ ሮጣ ፊቱ ቆመች። «አባዬ፣ ቁልፉ ሲወድቅ ዞር በል አላልኩህም?»

«እሺ፣ እሺ። ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

በሁለተኛው ሙከራ ቁልፉ ገና እጄ ላይ እያለ ዞረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከወደቀ ብዙ ቆይቶ። ጫማው ከብዶኝ ካፖርቱ አሙቆኝ ስለነበር «ድሮስ መቼ ሰው ይሰማል» እያልኩ አጉረመረምኩ። እሱ ግንባሩን በመዳፉ ይጠርጋል። ካሜራ አፍሮ ነው ብዬ ትንሽ አሳዘነኝ። ይኼኔ አንቴና ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ልጄን «ዳይሬክተር፣ ጨርሶ ዞር ባይልስ?» አላት። «ከኋላው ሰው እየመጣበት ዞር የማይል ሰው የበለጠ ያስፈራል።»

የልጄ ፊት በራ። አባቷን ትከሻውን ይዛ «በቃ አባዬ፣ ምንም ብትሰማ እንዳትዞር፣ አንገትህን ደፍተህ ዝም ብለህ ሂድ» አለችው። ባሌ ሸክም እንዳወረዱለት ሰው ተነፈሰ። አየሁት፤ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም።

እንደገና ጀመርን። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ዝቅ ብላ ጥላዬ የሱ ተረከዝ ላይ ደርሷል። እሱ ይራመዳል፣ እኔ እከተላለሁ። በዚህ መሐል እኛ መኖራችንን የማያውቅ አንድ መካኒክ ከእጥበት ቦታው አውቶብስ ይዞ ወደኋላ መውጣት ጀመረ። የኋላ ማርሹ ማስጠንቀቂያ ጢጥ ጢጥ ይላል። ዕድሜውን ከአውቶብስ ጋር ያሳለፈ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ይለየዋል፣ አሁን ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመም። የአውቶብሱ ጀርባ በረድፉ ክፍተት በኩል ብቅ አለ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ወደሱ ይሄዳል።

ጠራሁት። አልዞረም። እንደገና ጮኼ ጠራሁት። ልጄ ከዚያ ማዶ «ካት፣ ካት» እያለች ትጮኻለች፤ አንቴና ትወና መስሎት ይቀርጻል። ሮጥኩ። አንዱ ቡትስ ከእግሬ ወልቆ ቀረ። ኮሌታውን ጓንት ባጠለቀ እጄ ይዤ ወደኋላ ስስበው ሁለታችንም በቂጣችን ወደቅን። አውቶብሱ እሱ ሊደርስበት የነበረውን ቦታ አልፎ ነው የቆመው።

መካኒኩ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። «ሰውዬ፣ አትሰማም እንዴ?» አለው።

ባሌ የመካኒኩን አፍ አፍ አየና «ሰምቻለሁ፣ ይቅርታ» አለ።

መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። አትሰማም እንዴ። ከኔ አፍ ስንት ጊዜ የወጣ ቃል ነው። እኔ ስለው እልኸኛ ነህ፣ ንቀኸኛል ማለቴ ነበር። መካኒኩ ግን ስለ ጆሮው ነው የጠየቀው።

እቤት ገባን። እሱ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ከጀርባው ቆምኩ። «እናትህን አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም» አልኩት። ስለ እናቱ ክፉ ከተነሳ ቤቱን በአንድ እግሩ የሚያቆም ሰው ነው። ውሃውን ፊቱ ላይ መርጨቱን ቀጠለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። እጁን ሰዶ ፎጣ ፈለገ። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ አፌ ሲንቀሳቀስ አየና «ምን አልሽ?» አለኝ።

ዕቃ መደርደሪያውን ተደግፌ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቼ፣ ፊት ለፊቱ።

አልካደም። ቀኝ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል፣ ግራውም እየተከተለው ነው። «ሰው መውረድ ሲፈልግ ደወሉን ይጫናል፣ መብራቱ ፊቴ ይበራል። ሞተሩን በእግሬ አውቀዋለሁ። መስታወት አለኝ። እስካሁን ማንን ጎዳሁ?»

«ዛሬ ልትሞት ነበር እኮ።»

«ዛሬ መሪ ላይ አልነበርኩም» አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፎጣውን በእጁ ሲጠመዝዝ ቆየ። «ከመሪው ካወረዱኝ እኔ ማነኝ? ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

እሺም እምቢም ሳልለው ወጣሁ። ልጄ ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሯ ላይ ተደፍታለች፣ የጆሮ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ እሷም ገብቷታል። አባቷ ኮሌታ ላይ የነበረው ማይክ ሁሉን ይዞታል፤ የቁልፉን መውደቅ፣ የኋላ ማርሹን፣ የኔን ጩኸት፣ የሷን ጩኸት። አባቷ ጆሮ ሥር የነበረው ሁሉ እዚያ አለ።

«ሙዚቃ እደርብበታለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ማድረጉ አያስፈልግም ነበር። «በልብ አንጠልጣይ ፊልም ላይ ሙዚቃ ደንብ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ኃላፊው ትወና ብቻ ነው የሚያየው።»

«መንገዱ ላይስ ምን ልትደርቢበት ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ በኔ ፊልም ነው እንዴ አባዬ ከሥራው የሚወጣው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሙዚቃውን ደረበችበት።

ሰኞ ጠዋት ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አስፈቅጄ የሱ አውቶብስ ላይ ተሳፈርኩ። ከመቀመጫው ኋላ ቆምኩ፣ ብረቱን ይዤ። ተማሪ ሞልቶታል፤ ቦርሳ ለቦርሳ እየተጋፉ ይንጫጫሉ። እውነቱን ለመናገር አነዳዱ ያምራል። የደወሉ መብራት ሲበራ ይቆማል፣ ሽማግሌ ሲወጣ እስኪቀመጥ ይጠብቃል፣ ሲነሳ እንኳ አያንገጫግጭም። ምናልባት እሱ ነው ልክ፣ እኔ ነኝ አጋናኝ እያልኩ ነበር። አራት መንገድ ጋ ደረስን፣ አረንጓዴ በራልን። ከጎን ካለው መንገድ፣ ከሕንፃው ጀርባ፣ የአምቡላንስ ጩኸት መጣ። ጎናችን ያሉት መኪኖች ባሉበት ቀሩ። እሱ ተነሳ።

ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ፍሬኑን ረገጠ። አምቡላንሱ በአፍንጫችን ሥር አለፈ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ወደቁና ሳቁ፤ አንዷ «ሹፌሩ ተኝቷል እንዴ?» አለች። ባሌ በመስታወቱ አየኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እጄን ከትከሻው ላይ አላነሳሁም። ዛሬ እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ አልኩ ለራሴ፤ ቢፈታኝም ይፍታኝ።

ቀትር ላይ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባን። ልጄ ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ሙዚቃው ጀመረ፤ ከታች የሚጎተት፣ ጀርባ የሚያሳክክ ዓይነት ነው። ጫማዬ ታየ፣ ጓንቴ ታየ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰውዬ ታየ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ወደፊት ተጠጋ። ሲያልቅ እየሳቀ «ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው ዞር ሳይሉ የቻሉት?» አለው።

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ባሌ ግን ጥያቄውንም አላየ፣ ሰውየውንም አላየ። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነው። ያ የአውቶብስ ጀርባ ምን ያህል ተጠግቶት እንደነበር ያየው ገና አሁን ነው። ጣቱን ዘርግቶ «እዚህ ጋ መልሺልኝ» አላት ልጁን። መለሰችለት። እኔ አንድ እግሬን ባዶ ሆኜ፣ አፌን ከፍቼ ከኋላው እሮጣለሁ።

«እዚህ ላይ ምን ይሰማል?»

«ሙዚቃ ነው አባዬ።»

«ከሥሩስ?»

ልጄ ወደኔ አየች። ከዚያ እጇ እየከበዳት ሙዚቃውን አጠፋችው። ጢጥ ጢጡና የኔ ጩኸት ቢሮውን ሞላው። ባሌ ስክሪኑን ትቶ ፊታችንን፣ አንድ በአንድ፣ ተመለከተ። ምን ያህል እንደሚጮኽ ከኛ ፊት አነበበ መሰለኝ። ወደ ኃላፊው ዞረና «ለከሰዓቱ ሌላ ሰው መድብ። እኔ አልሰማም» አለው።

ኃላፊው ብድግ አለ። «እንዴ ጋሼ፣ ምን አስቀየምንዎት? ስምሪት እኮ ነው፣ አልሰማም ይባላል እንዴ?»

ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። «እምቢ ማለቱ አይደለም» አልኩ። «ጆሮው ነው።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ፣ ባሌን አየ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያሳፍራቸውን ተማሪዎችም ሳያስብ አልቀረም፣ ፊቱ ተለወጠ። አጎንብሶ ጠረጴዛውን እያየ፣ ሐኪም እስኪያየው ድረስ እንዳይነዳ፣ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሆን ሥራ ካለ እንደሚያስብበት ተናገረ። ባሌ «ምን አለ?» አለኝ። ፊት ለፊቱ ቆሜ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። የአውቶብሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለኃላፊው ሰጠውና ወጣን።

ደጅ ላይ ቆመን ሌላ ሹፌር የሱን አውቶብስ ሲያስነሳ አየን። ከበሩ እስኪወጣ፣ መንገዱን እስኪይዝ ቆሞ ተከተለው። ዓይኑ ሥር እንባ ነበር፤ አልጠረገውም። ልጃችን ኮምፒዩተሯን እንደ ሕፃን አቅፋ ከኋላችን ቀርታለች።

«ያኔ ስትጮሂ» አለኝ፣ «ምን ብለሽ ነበር የጠራሽኝ?»

«በስምህ።»

ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ «አባቷ» ነው የምለው፤ ስናደድ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። እኔም እራሴ በስሙ መጥራቴ የገባኝ ይኼኔ ነው። መጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ቀረብ አለና አፌን አየ።

«እስቲ ጥሪኝ» አለ።

ጠራሁት። አልሰማም፤ ግን «አቤት» አለ።